የቀይ ቀለም አደራ



በብራና መጻሕፍታችን ጥቁሩ ቀለም ቃሉን ሲያስነብብ፣ ቀዩ ደግሞ አርእስቱንና የቅዱሳንን ስም ከሌላው ለይቶ ያሳያል። ታዲያ ይህ ቀለም ለጀማሪ ደቀ መዝሙር ሊፈቀድለት ይገባልን? ያለ ቦታው የገባ ቀይ አንባቢውን ያሳስታል፤ ብራናውም ተፍቆ ሲታረም ይሳሳል። ነገር ግን ቀዩን ነክቶ የማያውቅ እጅ፣ መምህሩ ባለፉ ጊዜ ከማን ይማራል?

ስለዚህ ጀማሪው አስቀድሞ ጥቁሩን ይጻፍ፤ የቀዩን ስፍራ ክፍት ይተው። መምህሩ ካረሙለትም በኋላ፣ እርሳቸው እያዩት መጀመሪያ አንድ ስም፣ ቀጥሎም አንድ አርእስት በቀይ ይሙላ። አደራ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ ነውና፤ ፈጽሞ ያልተነካ ቀለም ግን ጥንቃቄን አያስተምርም።