ገለፈቱ ይቅርና አተላውን እንያዝ



ባለፈው ስብሰባችን ከቡና ገለፈት ከሰል እንሥራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። በፀሐይ ከደረቀ ቡና ግማሽ ያህሉ ገለፈት ነው፤ በሐረር በኩል እንዲያውም አፍልተው ይጠጡታል። ደብረ ታቦር ግን ደጋ ናት፣ የቡና አገር አይደለችም። የሚቀርበን የዘጌ ቡና ነው። ገለፈት ደግሞ ክብደት ሳይኖረው ቦታ ይይዛል፤ ከባሕር ዳር ማዶ እዚህ ድረስ ስናስጭነው የመኪናው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል።

በእጃችን ያለው አተላው ነው። ከመካከላችን ጀበና ቡና የሚሸጡ አሉ። በረካው ካለቀ በኋላ አተላው ቦይ ውስጥ ይደፋል። ኩበታችን ምድጃ ስለሚገባ ደግሞ ጓሯችን የሚበላው አጥቷል።

ትኩስ አተላ ችግኝ ሥር አይደፋም፤ የቀረበት ካፌይን ያቀጭጨዋል። ከገለባ፣ ከአመድና ካገኘን ከጥቂት እበት ጋር ተደራርቦ፣ እየተገላበጠ ወራት ይብላላ፤ በእኛ ብርድ መቸኮል የለም። ለድንች ማሳ አይበቃም፣ ለጎመን መደብ ግን ይሆናል። ከተቀቀለ ገለባ ጋር ተደባልቆም እንጉዳይ ያበቅላል፤ እንጉዳይ በጾም ወጥ ይሆናልና ገዢ አያጣም ብለን እናስባለን።

ስለዚህ ደጋፊዎቻችን ለከሰል መጭመቂያ የሰጣችሁንን ገንዘብ ለእንጉዳይ ዘርና ክዳን ላላቸው ባልዲዎች እንድናውለው ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። ቡና የምትሸጡ እህቶችም አተላውን ሳይሻግት በየማታው አድርሱን።