የሥራ ማመልከቻ መስሎ የገባ ሌባ

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የባንግላዲሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር ተዘረፈ። ሌቦቹ በር አልሰበሩም፤ ዓመት ቀደም ብለው ለሠራተኞቹ የሥራ ማመልከቻ የሚመስል ኢሜይል ላኩ።

እሱ፦ ሲቪ ነው ብሎ የከፈተ ሰው ተገኘላቸዋ!

እሷ፦ ታዲያስ! በዚያው ወደ ባንኩ ኮምፒውተሮች ገቡ። ግን ሌላ 20 ሚሊዮን ዶላር ወደ ስሪላንካ ሲላክ የተቀባዩ ስም ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። አስተላላፊው ዶይቸ ባንክ ማብራሪያ ጠየቀ፤ ገንዘቡም ተረፈ።

እሱ፦ ብዙ ቢሮ ውስጥ ቢሆን «አለቃ ይቆጣል» ተብሎ ያልፍ ነበር። ለእኔ ከዓመታዊው ሥልጠና ይልቅ የሚያዋጣው፣ የጠረጠረ ሠራተኛ ደውሎ ቢጠይቅ እንደማይወቀስ ማወቁ ነው።

እሷ፦ በስህተት የከፈተውም ጭምር! ቶሎ ከተናገረ የአይቲ ክፍሉ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ይነቅላል። ፈርቶ ከደበቀ ግን ሌባው ተደላድሎ ይቀመጣል።