ለሆድ ራጅ የሚመጣ በሽተኛ ሊያውቀው የሚገባው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሽተኛው ስለ ሆድ ራጅ ምን ማወቅ እንደሚገባው እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። እያሰብሁበት ስሄድ ግን፣ በሥራ ዘመኔ ለበሽተኞቼ ከነገርኋቸው ይልቅ ሳልነግራቸው የቀረሁት እንደሚበልጥ ተገነዘብሁ።

ዊልሄልም ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚስቱን እጅ ቢያነሣ ጎልቶ የታየው አጥንቷና የጣቷ ቀለበት ነበር። የሆድ ራጅም ጠባይ ከዚህ የተለየ አይደለም። አጥንት፣ ብረትና ጠጠር ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ በአንጀት ውስጥ ያለ አየር ይጠቁራል፤ ለስላሳው የሰውነት ክፍል ግን አንዱ ከሌላው እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ራጅን ሁሉን የሚገልጥ መስተዋት አድርጎ የሚያስብ በሽተኛ ተሳስቷል። የጨጓራ ቁስል፣ አሜባ፣ የትርፍ አንጀት መቆጣት በተራ ፊልም ብዙውን ጊዜ አይታዩም። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም ስላለበት ሊታይ ይችላል፤ ከሐሞት ጠጠር ግን የሚታየው ከመቶው ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ብቻ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ አልትራሳውንድ ይሻላል። «ራጁ ምንም አላሳየም» የተባለ ሰው ሕመሙ ከጠናበት ሳያፍር ተመልሶ ሊመጣ እንደሚገባው በግልጽ ሊነገረው ያስፈልጋል።

ይህን ስል ተራውን ፊልም ለማቃለል አይደለም። በአገራችን በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ወንዶችን የሚያጠቃ አንድ በሽታ አለ፤ ይኸውም የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ላይ መጠማዘዝ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ሰገራና አየር መውጣታቸው ይቋረጣል። በፊልሙ ላይ የተነፋው አንጀት፣ በመካከሉ መስመር ያለበት ግዙፍ የቡና ፍሬ መስሎ ይታያል፤ የውጭ አገር የሕክምና መጻሕፍትም ምልክቱን የሚጠሩት በቡና ፍሬ ነው። (እኛ የቡና አገር ሰዎች ይህን ብንረሳ ይቅርታ የለንም።) አንጀቱ ደም ሳይቋረጥበት ከተደረሰ፣ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ብዙ ጊዜ ይፈታል፤ እንዳይመለስም በኋላ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ከዘገየ ግን አንጀቱ ይሞታል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እየጠጣ በቤቱ ሁለትና ሦስት ቀን እንዳይቆይ፣ ቤተ ዘመዱም ጭምር ማወቅ አለበት።

ለተራ የሆድ ራጅ ከምግብ መከልከል አያስፈልግም። በቅርብ ጊዜ ባሪየም ጠጥቶ የተመረመረ ሰው ግን ያንኑ አስቀድሞ ይናገር፤ ቀሪው ነጭ መድኃኒት ፊልሙን ይሸፍነዋልና። ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም ይወልቃሉ። እናቶቻችን ሳንቲም በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥራሉ፤ ይህ ተረስቶ የቀረ እንደ ሆነ የተዋጠ ሳንቲም ይመስላል። ክታብ በወገቡ የታጠቀውንም በአክብሮት ልንጠይቀው እንጂ ልንገሥጸው አይገባም። ለደረት ራጅ ትንፋሽ ተስቦ ይያዛል፤ ለሆድ ግን ወደ ውጭ ተንፍሶ መያዝ ነው። ምክንያቱን የተረዳ በሽተኛ አይንቀሳቀስም፤ ፊልሙም አይደገምም።

ስለ ጨረሩ ሲጠይቁን «ምንም አይደለም» ብለን ማለፍ ልማድ ሆኖብናል። መልሱ ግን ልክ ያለው ነው። አንድ የሆድ ፊልም በአማካይ 0.7 ሚሊሲቨርት ገደማ ይሰጣል። ከምድር፣ ከአየርና ከጠፈር በተፈጥሮ የሚደርሰን በዓመት በአማካይ 2.4 ስለ ሆነ፣ ይህ የሦስት ወር ተኩል ያህል ነው። ከ30 የደረት ፊልሞች ይበልጣል፤ ከአንድ የሆድ ሲቲ ስካን ግን አሥር እጅ ያህል ያንሳል። ጉዳቱ አነስተኛ ቢሆንም ያለ ምክንያት የሚነሡት አይደለም። ወተት ጠጥቶ ማጠብም አያስፈልግም፤ መብራቱ ሲጠፋ ብርሃን በክፍሉ እንደማይቀር ሁሉ ጨረሩም በሰውነት ውስጥ አይቀርም።

ከሁሉ የሚከብደኝን አሁን ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በምሠራበት ሆስፒታል አንዲት ወጣት ከአማትዋ ጋር መጣች። «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብዬ በአማትዋ ፊት ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ «አይደለሁም» አለች፤ አነሣኋትም። በሳምንቱ ብቻዋን ተመልሳ መጣችና፣ የወር አበባዋ ቀርቶባት እንደ ነበር፣ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ስላስወረዳት ሳይጸና ለአማትዋ ማሳወቅ እንደ ፈራች ነገረችኝ። ልጁ ጎደሎ ሆኖ ይወለዳል ብለው ሰዎች ስላስፈራሯት፣ ጽንሱን ለማስወጣት ቆርጣ ነበር የመጣችው። ወደ ሐኪሙ ይዣት ሄድሁ። በአንድ የሆድ ፊልም ለጽንስ የሚደርሰው ጨረር ጉዳት ከታየበት መጠን እጅግ በታች መሆኑን፣ በዚህ ምክንያት እርግዝናን ማቋረጥ እንደማይገባ ቀስ አድርጎ አስረዳት። በጊዜዋ ሴት ልጅ በሰላም ወለደች።

ሐሰት ተናገረች ብዬ አልወቅሳትም፤ ጥያቄውን በማይጠየቅበት ቦታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ተከታዮቿ በውጭ ቆይተው፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ «እርጉዝ ነሽ ወይ?» በማለት ፈንታም የመጨረሻው የወር አበባዋ መቼ እንደ መጣ እጠይቃለሁ፤ ለምን እንደምጠይቅም አስቀድሜ እነግራታለሁ።