ሩጫና የደም ግፊት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጧት የዋንጫውን መደርደሪያ ስንወለውል አንድ አረጋዊ የቀድሞ ተማሪ ቀርበው በ1,500 ሜትር ያገኙትን ዋንጫ አሳዩንና፥ «እኔ በወጣትነቴ ብዙ ስለ ሮጥኩ የደም ብዛት አይደፍረኝም» ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን። ነገር ግን እኔ የምናገረው ስለዚሁ ጉዳይ ስለ ነበረ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። በእውነት የዱሮ ሩጫ ለዛሬ ደም ሥር ይበጃልን?

የደም ግፊት ማለት ደም ሲያልፍ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ሕዝባችን «የደም ብዛት» ይለዋል እንጂ ደሙ በልክ በዝቶ አይደለም። ሐኪም ክንዳችንን ጠቅልሎ ሲለካ ሁለት ቁጥር ይነግረናል፤ ከፍተኛው ልብ ሲጨመቅ፥ ዝቅተኛው ልብ ሲላላ ያለው ነው። 120 በ80 ገደማ ከሆነ ደኅና ነው፤ በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በሽታ ይባላል። ክፋቱም ሕመም ሳያሰማ ለብዙ ዓመት ተደብቆ ልብን፥ ኩላሊትንና አንጎልን መጉዳቱ ነው።

ሰው በሚሮጥበት ሰዓት ግፊቱ ይወርዳል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። እንዲያውም ልብ ለጡንቻ ብዙ ደም ስለሚልክ ከፍተኛው ቁጥር እስከ 200 ሊደርስ ይችላል፤ ዝቅተኛው እምብዛም አይለወጥም። ጥቅሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሯጩ ካረፈ በኋላ ግፊቱ ከመነሻው ጥቂት ዝቅ ብሎ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። ይህ በየሳምንቱ፥ ለሁለትና ለሦስት ወር ሲደጋገም፥ የደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን የደም ሥር የሚያሰፋ ጋዝ አብዝቶ ያመነጫል፤ የደም ሥርን የሚያጠብቡት ነርቮችም ይረጋጋሉ። ስለዚህ የደም ብዛት ባለበት ሰው ላይ ከፍተኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ይቀንሳል፤ በጤነኛው ላይ ቅናሹ አነስተኛ ነው። 8 ቁጥር ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ኪኒን ከሚያወርደው ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህን ስል መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በገዛ ፈቃዱ ይጣለው ማለቴ አይደለም።

ወደ ዋንጫው ልመለስ። በአሜሪካ አገር ዶክተር ራልፍ ፓፈንባርገርና ባልደረቦቻቸው በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወደ 15,000 የሚጠጉ ወንዶችን ከ6 እስከ 10 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አወጡ። በጎልማሳነታቸው ብርቱ ስፖርት የማይሠሩት፥ ከሚሠሩት ይልቅ በደም ብዛት የመያዛቸው ዕድል በመቶ 35 የበለጠ ሆኖ ተገኘ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነው፤ በተማሪነታቸው ዘመን ስፖርተኛ መሆናቸው ወይም አለመሆናቸው ምንም ለውጥ አላመጣም። ልምምዱ ሲቋረጥ የተገኘው ጥቅም በሳምንታት ውስጥ መጥፋት ይጀምራልና።

ይህ ለባለዋንጫዎች መራራ ወሬ ቢሆንም፥ በተማሪነቱ ከሜዳው ዳር ቆሞ ለቀረው ግን ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በ50 ዓመቱ እንኳ ቢጀምር ይጠቀማል። እንደ አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥም አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ እርምጃ በቀን 30 ደቂቃ፥ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው።

ከዚህ ንግግር በኋላ ነርሳችን መለኪያውን ይዘው በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ይጠብቁናል። ከሩጫው ውድድር በቀጥታ የምትመጡ ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ዕረፉ፤ ሌላውም 5 ደቂቃ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ይለካ። ባለዋንጫው አባታችን ከሁሉ ቀድመው እንዲለኩ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።