ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ መኪና ኤቢኤስን ስለ መንቀል

ከሞጣ ተነሥቶ ቢቸናንና ደጀንን አልፎ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር፣ ቢጫዋ የኤቢኤስ መብራት በዳሽቦርዱ ላይ በርታ አልጠፋ ብትለው፣ መለዋወጫው ውድ ነውና መሣሪያውን ነቅሎ የፍሬኑን ቱቦ በቀጥታ ማገናኘት ይሻላል የሚል መካሪ ከጋራዥ ደጃፍ አያጣም።

በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቦሽ ኩባንያ በመርሴዲስ መኪና ላይ ያወጣው፣ ኤቢኤስ የተባለው ይህ ረቂቅ የፍሬን ጥበብ፣ በጎማው አጠገብ የተተከለው ሴንሰር ጎማው ሊቆለፍ መቃረቡን ሲያመለክተው፣ የዘይቱን ግፊት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እየለቀቀና እየመለሰ፣ ጎማው ከመዞር እንዳይቦዝን፣ መሪውም ለሾፌሩ ፈቃድ እንዲታዘዝ ያደርጋል፤ ፔዳሉ ከእግር በታች የሚንቀጠቀጠውም ስለዚህ ነው።

በልቅ ጠጠር ላይ፣ እውነት ነው፣ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን በፊቱ ከምሮ ፈጥኖ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በብዙ መኪኖች የኋላውን ፍሬን ከፊተኛው ጋር የሚያመዛዝነው ይኸው መሣሪያ ስለ ሆነ፣ ያለ ምትክ ሲነቀል የኋላው ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ፣ መኪናው በክረምት ዝናብ በራሰው ጠመዝማዛ ላይ ጎኑን ለገደሉ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም የተሳፋሪ ነፍስ ነውና ኅሊናዬን እጅግ ያስጨንቀዋል።

አስቀድሞ ሴንሰሩ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በጨርቅ የሚጠረግ ጭቃ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ነው። ቢጫዋ ብቻ ስትበራ ተራው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራልና፣ በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየያዙ፣ በዝግታ ወደ ጠጋኝ መድረስ ይቻላል፤ ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን መኪናው ከደጀን አይነቃነቅ።