የከተማ ዘር እህል
(ስለ ከተማ በጀትና ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ፣ በሾዋክ ለተሰበሰቡ መምህራን የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አንድ ከተማ በጀቱንና መጠባበቂያ ገንዘቡን እንዴት እንደሚያስተዳድር የሚመለከት ነው። ርእሱን በሰማችሁ ጊዜ «ይህስ የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ነው፤ ጠመኔ ለያዘ ሰው ምን ይረባዋል?» ያለ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኔም አስቀድሞ እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የደረቀ የውሃ ቧንቧ ነው፤ ታሪኩን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በጀት ማለት አንድ ከተማ በሚመጣው ዓመት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያገኝ ገምቶ፣ የሚያገኘውንም በምን በምን ላይ እንደሚያውለው አስቀድሞ የሚወስንበት ሰነድ ነው። በሀገራችን በ1937 ዓ.ም. ቁጥር 74 የሆነው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ከተሞቻችን ገቢያቸውን የሚያገኙት ከቤትና ከቦታ ግብር፣ ከንግድ ፈቃድ፣ ከገበያና ከልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያ ሲሆን፣ ኋላም የመሬት ሊዝ ተጨምሮበታል። ወጪው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለደመወዝ፣ ለጽዳትና ለመብራት በየወሩ የሚከፈለው መደበኛ ወጪ ነው። ሁለተኛው መንገድ ለመጥረግ፣ ጉድጓድ ለማስቆፈር፣ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚውለው የካፒታል ወጪ ነው። በጀቱን አስተዳደሩ ያዘጋጃል፤ ምክር ቤቱ ተከራክሮ ያጸድቃል፤ በመጨረሻም ሒሳብ መርማሪው ይመረምራል። እነዚህ ሦስት እጆች አንድ እጅ የሆኑ ዕለት በጀት ከወረቀትነት አያልፍም።

በዚህ በምንገኝበት በሱዳንም ነገሩ አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ ከተማ የኮቨንትሪ የገንዘብ ሹም የነበረው ማርሻል ወደዚህ አገር ተጠርቶ መጥቶ፣ ስለ አካባቢ አስተዳደር ያጠናውን ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1949 አቀረበ። ይህንኑ መሠረት በማድረግም እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች የራሳቸው በጀት እንዲኖራቸው ፈቀደ። አስተዳደርን እንዲያጠና የተጠራው የከተማን ገንዘብ ሲቈጥር የኖረ ሰው መሆኑን ልብ በሉ። የራሱን ኪስ የማያውቅ ምክር ቤት ምንም ያህል ቢሰበሰብ ከመነጋገር በቀር የሚወስነው ነገር የለምና።

እንግዲህ ወደ ሾዋክ እንመለስ። ይህች ከተማ በአትባራ ወንዝ አጠገብ፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የገዳሪፍ ሜዳ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር ሲታረስ ኖሯል፤ ሀብቱም ማሽላና ሰሊጥ ነው። ዝናብ በጊዜው ሲጥል ገበያው ይሞላል፤ ቀረጡም ይበዛል። ዝናብ ሲቀር ቀረጡም አብሮ ይቀራል። የሠራተኛ ደመወዝና የውሃ ሞተር ነዳጅ ግን ዝናብ ቀረ ብለው አይቀንሱም።

ከዚህም በላይ ይህ አገር እንግዳ ሳይታሰብ የሚመጣበት አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. በረኃብና በጦርነት ምክንያት ከወገኖቻችን ብዙ ሰው ወደዚህ ተሻግሯል። ሾዋክም የምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ሆና አገልግላለች። በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ያገለገለው የኡም ራኩባ ሰፈር በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ፤ በዚያን ጊዜ ከኅዳር ወር ጀምሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40,000 በላይ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላም ከካርቱምና ከገዚራ የተፈናቀሉ ሱዳናውያን ወደ ገዳሪፍ ጐረፉ። ለስደተኛው ድንኳንና ስንዴ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይኖር ይሆናል፤ የገበያውን ቆሻሻ የሚያነሣ፣ ውሃውን የሚያካፍልና ልጆቹን በክፍል ውስጥ ተጠጋግተው እንዲቀመጡ የሚያደርግ ግን የአካባቢው ሰው ነው። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለውን ቸርነት የተቀበላችሁ ብዙዎች ናችሁና ምስክር አልጠራም።

ስለዚህ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። መጠባበቂያ ሲባል ግን ሦስት ነገሮች ስለሚደባለቁ እንለያቸው። የመጀመሪያው በየዓመቱ በጀት ውስጥ ላልታሰበ ወጪ የሚያዝ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻገረ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ እውነተኛው ተቀማጭ ነው። ሦስተኛው በዓመቱ መጨረሻ ሳይሠራበት የቀረ ትራፊ ነው። ይህ ትራፊ ተቀማጭ አይባልም፤ ሥራው ባለ መሠራቱ የተረፈ ሊሆን ይችላልና። ሰኔ ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየውን የግዢ ጥድፊያ ታውቃላችሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ስለሚያበቃ፣ ያልተሠራበትም ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ስለሚመለስ፣ የማያስፈልግ ወንበር ይገዛል። ማስቀመጥን የሚቀጣ ሥርዐት ማባከንን ያስተምራል።

አሁን የቧንቧውን ታሪክ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ከድንበሩ ማዶ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር። ከመምህራን መካከል ተመርጬም የከተማይቱ ምክር ቤት አባል ሆንሁ። በአንድ መልካም የሰሊጥ ዓመት ከወጪ የተረፈውን ገንዘብ «መጠባበቂያ» ብለን በባንክ አኖርነው። ለምን እንደሚጠብቅ ግን አልጻፍንም። በማግሥቱ ዓመት አንድ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ ተባለና፣ የመግቢያ በር እንዲሠራና ግብዣ እንዲደረግ ሐሳብ ቀረበ። «ገንዘቡ ዝም ብሎ ተኝቷል» አለ አንዱ። እጅ እንድናወጣ ተጠየቅን፤ ሁላችን አወጣን፤ እኔም አወጣሁ። በሩ አማረ፤ እንግዳውም መጥተው ተመለሱ።

በሚቀጥለው በጋ የውሃው ሞተር ተቃጠለ። ማዘጋጃ ቤቱ መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ውሃ ከወንዝ መቀዳት ጀመረ፤ የሚቀዱትም ሴቶች ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት አርፍደው ይመጡ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን እየዘለሉ መጡ፤ በወሩ መጨረሻ የክፍሌ የቀኝ ወገን ባዶ ሆነ። ሞተሩ ከተጠገነ በኋላም ያልተመለሱ ነበሩ። ስም በጠራሁ ቍጥር በመዝገቡ ላይ «ቀረች» ብዬ የጻፍሁት፣ ለበሩ ሥራ ባወጣሁት በዚያው እጄ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን በአራት ነገር ልጠቅልለው። መጀመሪያ፣ መጠባበቂያ ዓላማው በጽሑፍ ይወሰን፤ ለድርቅ፣ ለጎርፍ፣ ለወረርሽኝ፣ ለውሃ ሞተር መሰበር ነው ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ልኩ ይታወቅ። በሰሜን አሜሪካ ያለው የመንግሥት የገንዘብ ሹማምንት ማኅበር አንድ ከተማ ቢያንስ የሁለት ወር መደበኛ ወጪውን የሚሸፍን ተቀማጭ እንዲኖረው ይመክራል። ገቢው በዝናብ ላይ ለተንጠለጠለ ከተማ ደግሞ ከዚህ ቢበልጥ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ሣጥኑን አንድ ሰው ብቻውን አይክፈተው፤ ምክር ቤቱ በግልጽ ስብሰባ ይወስን፤ ምክንያቱም ለሕዝብ ይነገር። አራተኛ፣ የወጣው ገንዘብ በስንት ዓመት እንደሚተካ በወጣበት ዕለት ይወሰን።

ከዚህ ጋራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝን ገቢ፣ ለምሳሌ የመሬት ሊዝን፣ በየወሩ ለሚከፈል ደመወዝ ማዋል አደገኛ ነው። መሬቱ ያልቃል፤ ደመወዙ ግን አያልቅም። እጅግ ባለጸጋ የምትባለው ኒው ዮርክ እንኳ የዕለት ወጪዋን በአጭር ጊዜ ብድርና ለግንባታ በተያዘ ገንዘብ ስትሸፍን ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ለኪሳራ አፋፍ ደርሳ ነበር። የእኛ አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይህንኑ ነው።

«ሕዝቡ ዛሬ ተጠምቶ ሳለ ገንዘብ በባንክ ማስቀመጥ ግፍ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ልክ የሌለው ተቀማጭም በደል ነው፤ ስለዚህ ወለሉ ብቻ ሳይሆን ጣራውም ይወሰን ያልሁት ከልኩ ጋር ይቈጠርልኝ። ነገር ግን የገበሬውን ቤት ተመልከቱ። ክረምቱ ሲገባ ጎተራው እየጎደለ፣ ልጆቹ እየራባቸው እንኳ፣ ገበሬው የዘሩን እህል ለይቶ ያኖራል። ልጆቹን ስለ ጠላ አይደለም፤ ዘሩን የበላ ሰው የሚመጣውን ዓመት እንደ በላ ስለሚያውቅ ነው። መጠባበቂያም የከተማ ዘር እህል ነው። ባለቤቶቹ ገና በስብሰባው ያልተገኙ፣ እጅ ለማውጣት ያልደረሱ ልጆች ናቸው።

የእኛ የመምህራን ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። የሒሳብ መምህር መቶኛን ሲያስተምር ስለ ሎሚና ስለ ብርቱካን ብቻ አያስላ፤ የአንድ ከተማ ገቢና ወጪ በሰሌዳ ላይ ይጻፍና ተማሪዎቹ ይደምሩት፤ ጉድለቱንም ራሳቸው ያግኙት። የግብረ ገብ መምህርም የሕዝብን ገንዘብ መጠበቅ ከሃይማኖትና ከነገድ በላይ የሆነ አደራ መሆኑን ያስረዳ። የትምህርት ቤት ሹማምንትም የተማሪዎች መዋጮና የወላጆች ስጦታ በምን ላይ እንደ ዋለ በየዓመቱ በግድግዳ ላይ ቢለጥፉ፣ ልጆች ከንግግራችን ይልቅ ከዚያ ወረቀት ይማራሉ።

እኔ እጄን ባወጣሁበት ቀን «ይህ ገንዘብ ለምን ተቀመጠ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ከምታስተምሯቸው ልጆች መካከል አንዲት እንኳ አድጋ በአንድ ምክር ቤት ውስጥ ብትቀመጥና ይህችን ጥያቄ ብትጠይቅ፣ ድካማችሁ ከንቱ አልቀረም።