ከቦሌ እስከ ቤሩት፦ ሠርተው የሚያድሩ፣ ተናግረው የማይደመጡ እህቶቻችን

(የፓርቲያችን ጸሐፊ በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚገኙ መራጮች ያደረጉት ንግግር)



በምርጫ ወቅት ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ኑሮ ውድነት መናገር የተለመደ ነው። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ፓርቲያችን ያለውን አቋም በሌሎቹ የማኒፌስቶው ክፍሎች አስፍረናል። ዛሬ የምናነሣው ግን በምርጫ መድረክ እምብዛም የማይነሣ፣ ነገር ግን በየቤታችን ደጃፍ የቆመ ጉዳይ ነው። ይኸውም ሠርተው የሚያድሩ፣ ተናግረው ግን የማይደመጡ ሴቶች ጉዳይ ነው።

እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው? በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ቤሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ዱባይ የሚሄዱት አሉ። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከሀዲያ፣ ከአርሲና ከሌሎችም የሀገራችን ክፍሎች መጥተው በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት በየቤቱ የሚሠሩት አሉ። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ ወጣቶች አሉ። ሀገራቸው በጦርነት ፈርሶባቸው በቦሌ ሚካኤል አካባቢ ተጠግተው፣ ሻይ አፍልተውና ልብስ ቸርችረው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሶማሊያውያን ስደተኛ እናቶችም አሉ። ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው ይለያያል። አንድ የሚያደርጋቸው ጉልበታቸው በሁሉም ዘንድ ተፈላጊ ሆኖ ድምፃቸው ግን ፈላጊ ማጣቱ ነው።

ቤሩት ምን አስተማረችን?

በ2004 ዓ.ም. የካቲት ወር ዓለም ደቻሳ የተባለች የሁለት ልጆች እናት ኢትዮጵያዊት በቤሩት ከቆንስላችን ደጃፍ ላይ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ምስል በዓለም ሁሉ ታየ። በመጋቢት ወር በሆስፒታል ሳለች ሕይወቷ አለፈ። ሀገር አዘነ፣ አለቀሰ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ያረፉት እዚሁ ቦሌ፣ ከላያቸው ካለው ልብስ ሌላ ያልያዙም ነበሩባቸው። መንግሥት በዚያው ዓመት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አገደ። ዕገዳው ግን ጉዞውን አላስቆመውም፤ ከአውሮፕላን ወደ በረሃና ወደ ጀልባ አዞረው እንጂ። ዓመታት ቆይቶም ተነሣ።

ለመሆኑ ችግሩ የክፉ አሠሪ ችግር ብቻ ነውን? አይደለም። የሕግ ችግር ነው። በሊባኖስና በሌሎች የዓረብ ሀገሮች በሚሠራበት የከፋላ ሥርዓት መሠረት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ ቤት ከወጣች፣ የወጣችው ተደብድባም ይሁን ደመወዝ ተከልክላ፣ ሕገ ወጥ ትሆናለች። በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። እንግዲህ ሕግ ራሱ «አንቺን አላውቅሽም» ያላትን ሴት ማን ይሰማታል?

እህቶቻችን ግን አልቅሰው ብቻ አልቀሩም። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር በሊባኖስ የሚኖሩ የልዩ ልዩ ሀገሮች የቤት ሠራተኞች የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። የሀገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ቢከለክላቸውም ስብሰባቸውን አላቆሙም። በ2017 እ.ኤ.አ. ባንቺ ይመርና ጓደኞቿ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ወድቆ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጃፍ እየጣሉ ሲሄዱ፣ የወደብ ፍንዳታውም ከተማይቱን ሲያፈርስ፣ ምግብና መጠለያ ይዘው ከደረሱት መካከል እነዚሁ በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ሴቶች ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንዲት ኢትዮጵያዊት ለዓመታት ተዘግቶብኝና ደመወዜን ተከልክዬ ሠርቻለሁ በማለት በሊባኖስ ፍርድ ቤት በባርነት ወንጀል አቤቱታ አቀረበች። «ተበደልኩ፣ እዘኑልኝ» አላለችም፤ «ይህ ወንጀል ነውና ፍረዱ» አለች። የልመናና የመብት ልዩነት ይኸው ነው።

የሀገራችንስ ሕግ?

የተከበራችሁ መራጮች፤

ሌላውን ሀገር ለመውቀስ ሞራላዊ ብቃት የሚኖረን የራሳችንን ቤት ስንመለከት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛነትን፣ ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርጎ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ተወው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1156 ሲተካም ያው ቀጠሮ ተደገመ። ደንቡ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ዓመታት ነጎዱ። በዚህ መካከል የፋብሪካ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ያልበለጠ የሥራ ጊዜና የሳምንት ዕረፍት በሕግ ሲረጋገጥለት፣ የቤት ሠራተኛዋ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ብትሠራ የምትጠቅሰው ዝርዝር ሕግ የላትም። የቀራት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ በቁጥር 2601 አሠሪው አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ በመኝታ፣ በምግብ፣ በሥራና በዕረፍት ጊዜ ረገድ ጤናዋንና ሞራሏን እንዲጠብቅ ያዛል። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር የሚለውን አይመልስም፤ የሚቆጣጠርም ተቆጣጣሪ አልሾመም።

ስለዚህ ቤሩት ውስጥ ያለቀስንለት ጉድለት በቦሌም አለ። የሊባኖስ ሕግ ከጥበቃው ውጭ ያደረጋት ሴት የኢትዮጵያም ሕግ ከጥበቃው ውጭ ያደረጋት ሴት ናት። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ልጅ በደላላ በኩል ቤት ገብታ፣ ያለ ጽሑፍ ውል ሠርታ፣ ዕረፍት ሳታውቅ ኖራ፣ የተሻለ ፍለጋ በዚያው በደላላ በኩል ባሕር ትሻገራለች። የስደቱ መንገድ ከአውሮፕላን ማረፊያው አይጀምርም፤ ከየጓዳችን ይጀምራል።

ለውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቷል። አዋጁ ስምሪቱ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደተፈረመባቸው ሀገሮች ብቻ እንዲሆን፣ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና የመድን ዋስትናውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ይደነግጋል። ይህን ድንጋጌ አንብባ ለኤጀንሲው «ይህ የእኔ ወጪ አይደለም» ለማለት የቻለች ልጅ ስንት ናት? ሕግ ያለ ተናጋሪ ወረቀት ነው።

ድምፁ ለምን አልተሰማም?

ሴቶቹ መናገር ስለማይችሉ አይደለም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የቆየ አባባል በአንድ በኩል፣ የመደራጀት ነፃነት መታፈን በሌላ በኩል አፋቸውን ስለያዙት ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥና ለ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ መሻሻል ሲታገል የቆየ ማኅበር ነው። ይኸው ማኅበር በ1993 ዓ.ም. መጨረሻና በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለሳምንታት ታግዶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሴቶች መብት፣ በሰብዓዊ መብትና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ባከነ። እህቶቻችን በሳዑዲ በረሃና በሊባኖስ ቤቶች ሲንገላቱ የነበሩት በእነዚያው ዓመታት ነው። ለእነርሱ መናገር የሚችለውን አፍ ሕጉ ዘግቶት ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 18 ባርነትንና በሰው መነገድን ይከለክላል። በአዲስ አበባ ሙሉ ተስፋ የተባለ የቤት ሠራተኞች ማኅበር መኖሩ ሴቶቹ መደራጀት እንደሚፈልጉም፣ እንደሚችሉም ያሳያል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ መንግሥት ድሩን መፍተል ባይችል እንኳ ሊበጥሰው አይገባም።

«ከየት አምጥተን እንክፈል?» ለምትሉ

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ አሠሪዎች እንደሆናችሁ እናውቃለን። ባልና ሚስት ሥራ ውለው የሚገቡት ልጁን የሚይዝ ሰው ስላለ ነው። በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ራሱ በኑሮ ውድነት እየተቀጠቀጠ ተጨማሪ ሸክም ልትጭኑበት ነው ወይ ብትሉን ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሳችን ግልጽ ነው። ከምንጠይቀው አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። የጽሑፍ ውል አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ የማታ ትምህርት ቤት መሄድ፣ ቤተሰቧን በስልክ ማነጋገር፣ መታወቂያዋን በእጇ መያዝ ማንንም አያደኸይም። ውል ደግሞ አሠሪውንም ይጠብቃል፤ ሠራተኛዋ በድንገት ጥላ ብትሄድ፣ ደላላው በየወሩ እያስወጣ ቢያስገባ፣ ቤተሰቡም የሚጠይቀው ሕግ ይኖረዋል። ሴት ልጇን ቤሩት የላከች እናት እዚያ ያለው አሠሪ እንዲያደርግላት የምትመኘውን፣ እኛ እዚህ ለሌላዋ እናት ልጅ ብናደርግ ፍትሕ ከቤት ጀመረ ማለት ነው።

ፓርቲያችን ቢመረጥ የሚከተሉትን ይፈጽማል

አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀጠሮ የተያዘለት የቤት ሠራተኞች ደንብ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት ውስጥ እንዲወጣ እናደርጋለን። ደንቡ የጽሑፍ ውልን፣ የሥራ ሰዓትን፣ የሳምንት ዕረፍትንና ደመወዝ በሠራተኛዋ እጅ መከፈሉን ያረጋግጣል። ዕድሜዋ ለሥራ ያልደረሰን ልጅ መቅጠር ያስቀጣል።

ሁለተኛ፣ የዓለም ሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ያወጣውን የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ለምክር ቤቱ አቅርበን እናስጸድቃለን። ስምምነቱ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍትንና ሠራተኛዋ ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን ራሷ የመያዝ መብቷን ያስከብራል። እኛ ያላጸደቅነውን ውል ሌላው እንዲያከብርልን መጠየቅ አያምርብንም።

ሦስተኛ፣ ከተቀባይ ሀገሮች ጋር የሚፈረም የሥራ ስምምነት ሁሉ በአማርኛና በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ድርድሩ ላይም ሠርተው የተመለሱ ሴቶች ወኪሎች ይቀመጣሉ። በየኤምባሲው መጠለያና ጠበቃ እንዲኖር በጀት እናስይዛለን።

አራተኛ፣ በአዋጁ የተደነገገው የደመወዝ ቦርድ ሥራ ጀምሮ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል እንዲያጠናና እንዲያስወስን እናደርጋለን። የቦሌ ለሚ ሠራተኛ የቤት ኪራይና ምግብ የማይሸፍን ደመወዝ የኢንቨስትመንት መሳቢያ ሊሆን አይገባም።

አምስተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የተሰጠው የመሥራት መብት በቦሌ ሚካኤልም ሆነ በሌላ ሰፈር ከወረቀት ወርዶ በሥራ እንዲታይ እናደርጋለን። ዜጎቻችን በሰው ሀገር እንዲከበሩ የምንጠይቅ ከሆነ የሰው ሀገር ዜጋ በሀገራችን ማክበር ግዴታችን ነው።

ስድስተኛ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን በሚመለከቱ ምክር ቤቶችና ቦርዶች ሁሉ የሚመለከታቸው ሴቶች ራሳቸው እንዲወከሉ እናደርጋለን። ስለ እነርሱ ያለ እነርሱ መወሰን ይበቃል።

የተከበራችሁ መራጮች፤

የምርጫ ሕጋችን ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ዜጋ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። በቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ይህን ካሟላች መራጭ ናት። ብዙዎቹ የማይመዘገቡት ማንነታቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ስለሌላቸው፣ ወይም ለምዝገባ የሚሆን የግማሽ ቀን ፈቃድ ስለማያገኙ ነው። ስለዚህ ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የራሳችሁን ካርድ ውሰዱ፤ የእርሷንም ካርድ እንድትወስድ ጊዜ ስጧት። ለማን እንደምትመርጥ አትንገሯት። ለእኛ ባትመርጥም መብቷ ነው፤ ድምፅዋ የእርሷ ነውና።

ድምፅ የሌላቸው ድምፅ የሚያገኙበት ሥርዓት ለሁላችንም የሚበጅ ሥርዓት ነው። ፓርቲያችን ይህን ሥርዓት በሰላማዊና ሕጋዊ መንገድ ለመገንባት ይታገላል፤ በዚህ ትግል አብራችሁን እንድትቆሙም በአክብሮት ይጠይቃል።